ቀዳዳውን ማን ያውቀዋል?

አጎቴ ዘበኛ ነበሩ። «ነበሩ» የምለው ሥራውን ስለተዉ ነው እንጂ ሌሊቱን ዛሬም አይተኙትም። ለመንገድ ሥራ ድንጋይ በሚፈነዳበት ካባ አጠገብ የነበረ የድማሚት መጋዘን ለዓመታት ጠብቀዋል። እኔ ደግሞ አዲስ አበባ ተቀምጬ በነዳጅ ዴፖ፣ በጋዝ ማከማቻና በኬሚካል መጋዘን አጥር ላይ ካሜራና ሴንሰር በመግጠም የምተዳደር ሰው ነኝ። እንዲያው ሲታይ ሥራችን አንድ ነው፤ አንድም ቀን ግን አውርተንበት አናውቅም። ባለፈው መካነ ሰላም ስሄድ ጉሙ ከዓባይ በረሃ ወደ ላይ እየወጣ ቤቱን ከበበው፤ መውጫ ጠፋ። እትዬ፣ የአጎቴ ባለቤት፣ ቡና አቀራረቡ። ጨዋታው እንዲህ ተጀመረ።

አጎቴ፦ እስቲ አንተ ልጅ፣ ሥራህ ምንድን ነው? እናትህ «ካሜራ ይሰቅላል» ትላለች። ሠርግ ቤት ነው?

እኔ፦ ሠርግ ቤትስ አይደለም ጋሼ። ሰው አጥር ጥሶ ሊገባ ሲል ለጥበቃው ቀድሞ የሚናገር መሣሪያ ነው። ነዳጅ የሚከማችበት፣ ጋዝ የሚሞላበት፣ እንደ እርስዎም ድማሚት የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ነው የምገጥመው።

አጎቴ፦ ቀድሞ? ከማን ቀድሞ?

እኔ፦ ከሌባው እጅ ቀድሞ። ነገሩ የጊዜ ስሌት ነው። ሌባው አጥሩን ለመቁረጥ፣ ሜዳውን ለመሻገር፣ በሩን ለመስበር ጊዜ ይፈጅበታል። ጥበቃውም ሰምቶ፣ አጣርቶ፣ ሰው ጠርቶ እስኪደርስ ጊዜ ይፈጅበታል። የሌባው ከረዘመ መጋዘኑ ተረፈ። የጥበቃው ከረዘመ ግን ካሜራው የሠራው ሥራ ስርቆቱን ፊልም ማንሣት ብቻ ነው።

አጎቴ፦ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ በለኛ።

እኔ፦ ልክ እንደሱ። ተራ የሽቦ አጥር ደህና ፒንሳ ለያዘ ሰው አንድ ደቂቃ አይሞላበትም። የእርስዎ መጋዘን ከከተማው ምን ያህል ይርቅ ነበር?

አጎቴ፦ በእግር ሁለት ሰዓት። ክረምት ጭቃው ሲይዝማ አትቁጠረው። ጥይት ብተኩስ የሚሰማኝ ገደሉ ነው። እሱም መልሶ ይተኩስብኛል።

እኔ፦ ረዳት እንዲህ ሲርቅ ጆሮው ወደ ውጭ ራቅ ማለት አለበት፤ ሰውዬው አጥሩን ሲነካ ሳይሆን ገና ሲመጣ መታወቅ አለበት። ያ ካልሆነ ደግሞ በሩ ይወፍር። እኛ ከተማ ስንቱ ገንዘቡን ሁሉ ካሜራ ላይ አፍስሶ በሩን በርካሽ ቁልፍ ይቆልፋል መሰለዎት።

አጎቴ፦ ማማ ታውቃለህ አይደል?

እኔ፦ ልጅ ሆኜ ወጥቼበታለሁ።

አጎቴ፦ ማሽላው ሲያሽት ቆላ ወርደን ማማ ላይ እናድር ነበር። ማማ ደስ ያለህ ቦታ አይሠራም። ዝንጀሮው ከገደሉ የሚወጣበትን መንገድ የሚያሳይ ቦታ ተመርጦ ነው። ማሳው ውስጥ ከገባማ ወንጭፍ ምን ይሠራል? ዘጠኙን ስታባርር አሥረኛው እሸቱን በብብቱ ይዞ ይሄዳል።

እኔ፦ ይህቺን ለማወቅ መሐንዲሶች ስንት ገንዘብ አውጥተዋል።

አጎቴ፦ በል እንግዲህ፣ ያንተ ማሽን ሰው መሆኑን በምን ያውቃል? ጅብና ሰው ይለያል?

እኔ፦ ጣጣው እዚያ ላይ ነው። አንዱ ዓይነት ሙቀት ነው የሚያየው፤ ከአካባቢው የሚሞቅ ነገር ሲንቀሳቀስበት ይጮኻል። እዚህ ደጋው ላይ ሌሊቱ ብርድ ስለሆነ ሰው እንደ ፍም ይታየዋል። ታች ዓባይ በረሃ ግን በቀትር አየሩና ድንጋዩ የሰው ገላ ያህል ሲግል፣ ሰውዬው ከቋጥኙ አይለይለትም። ሌላው ዓይነት ከምሰሶ ወደ ምሰሶ በዓይን የማይታይ ጨረር ይልካል። ጨረሩ ሲቋረጥ ሰው አለፈ ይላል።

አጎቴ፦ ጉም ቢሆንስ?

(በመስኮቱ አየሁ። በረቱ እንኳ አይታይም ነበር። ሳቅሁ።)

እኔ፦ ጋሼ፣ ምናለ ይህን ጥያቄ ያኔ በጠየቁኝ! ስሙን የማልጠራው አንድ ደጋ ቦታ እንዲህ ያለውን ጨረር ገጠምኩ። ወሩ ጥር ነበር፤ ሰማዩ መስታወት። ፈተሽኩ፣ አስፈረምኩ፣ ተመለስኩ። ሐምሌ ላይ ስልክ ተደወለ። ጉሙ ጨረሩን እየዋጠው ሳይረኑ ሲጮህ ያድራል። ጉም የሌለ ዕለት ደግሞ ጅቡ አለ፣ ጃርቱ አለ፣ ነፋስ የሚያወዛውዘው ቁጥቋጦ አለ። ሄጄ ስደርስ ፍጹም ጸጥታ። ጥበቃዎቹ ሽቦውን ነቅለው፣ ሳጥኑን ጋቢ አልብሰውት ተኝተዋል። ተቆጣኋቸው።

አጎቴ፦ እነሱን ለምን ትቆጣለህ? በሌሊት ሠላሳ ጊዜ «ሌባ! ሌባ!» እያለ የሚዋሽ ጎረቤት ቢኖርህ ለሠላሳ አንደኛው ትነሣለታለህ?

እኔ፦ አልነሣም። ጥፋቱ የእኔ መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው። ሻጩ የሚነግረን መሣሪያው ከመቶ ሌባ ስንቱን እንደሚይዝ ነው። መጠየቅ የነበረብኝ ግን በአንድ የሐምሌ ሌሊት ስንት ጊዜ በከንቱ እንደሚጮህ ነበር። ያንን ሻጭ አይናገርም፤ ገዢም አይጠይቅም።

አጎቴ፦ መሬት ውስጥ የሚቀበርስ የለም?

እኔ፦ አለ፤ ኬብል ነው። ሰው በላዩ ሲያልፍ በኬብሉ ዙሪያ ያለው የሬዲዮ ሞገድ ይናጋል። ግን አፈራችሁ መረሬ ነው። በበጋ እግር የሚውጥ ስንጥቅ ያወጣል፣ በክረምት ያብጣል፣ ውሃ ይቋጥራል። ኬብሉ ኩሬውንም ሰው ነው ይለዋል። ለነዳጅ ዴፖ እኔ የምወደው አጥሩ ላይ የሚታሰረውን ፋይበር ነው። ቀጭን የመስታወት ክር ነው፤ አጥሩ ሲነቃነቅ በክሩ ውስጥ የሚሄደው ብርሃን ይለወጣል። ነፋስ እሱንም ያስቸግረዋል። ቢሆንም በአጥሩ ርዝመት ሁሉ ኤሌክትሪክ የለበትም፤ ብልጭታ አያወጣም። የነዳጅ ትነት ባለበት ቦታ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አጎቴ፦ ብልጭታንስ እኛም እናውቃለን። መጋዘኑ ጋ ክብሪትና ሲጋራ ብቻ ሳይሆን ስልክና የሬዲዮ መገናኛም ይዞ መቅረብ ክልክል ነበር። ለምን እንደሆነ ግን ማንም አልነገረን። «ክልክል ነው» ብቻ።

እኔ፦ ለዲቶኔተሩ ነው። በኤሌክትሪክ የሚነሣው ዓይነት ሁለት ረጃጅም ሽቦ አለው። ሽቦው እንደ አንቴና ሆኖ በቅርብ ካለ ማሰራጫ ሞገድ ሊስብ ይችላል። ዲቶኔተሩ እንዲህ ስስ ስለሆነ ነው ከድማሚቱ ተነጥሎ በሌላ ቤት የሚቀመጠው። ዛሬ ገመድ አልባ ሴንሰር ረከሰ ብለው እዚያ በር ላይ ሊሰቅሉ የሚመጡ አሉ። ሌባ ሊከለክሉ መጥተው ከሌባ የባሰ ነገር ትተው ይሄዳሉ።

አጎቴ፦ ጥበቃው ራሱ አደጋ ሲሆን ማለት ነው።

እኔ፦ ቤይሩትን ሰምተዋል አይደል? ሐምሌ 28 ቀን 2012 ዓ.ም. 2,750 ቶን አሞኒየም ናይትሬት የተከማቸበት የወደብ መጋዘን ፈንድቶ ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ናይትሬቱ ለማዳበሪያም፣ ለድንጋይ ማፈንጃም የሚውለው ነው። ከዚያ በፊት የጸጥታ ሰዎች «የመጋዘኑ በር የተበላሸ ነው፣ ግድግዳውም ቀዳዳ አለው፣ ሌባ ይገባል» ብለው ጽፈው ነበር። ፍንዳታው በደረሰበት ዕለት በያጆች ተላኩ። እሳቱን ያስነሣው የብየዳው ብልጭታ ነው ተብሎ በሰፊው ተወራ።

አጎቴ፦ ላ ኢላሃ ኢለላህ! ሌባ እንዳይገባ ሲበይዱ?

እኔ፦ ብየዳው ነው አይደለም የሚለው አከራካሪ ነው። የማያከራክረው ያን ሁሉ ናይትሬት ከተማ ሥር ስድስት ዓመት ገደማ አስቀምጦ፣ ከዚያ በኋላ ስለ በሩ መጨነቅ ነው።

አጎቴ፦ እኛስ መቼ ቀረልን? ደርግ በወደቀ ሰሞን አዲስ አበባ የጥይት መጋዘን ነዶ አልነበረም?

እኔ፦ ግንቦት 27 ቀን 1983። ሻጥር ነው ተብሎ ነበር። የኮረምን ረሃብ ለዓለም ያሳየው ካሜራማን መሐመድ አሚን አንድ እጁን ያጣው በዚያ ፍንዳታ ነው፤ የድምፅ ባለሙያው ጆን ማታይ እዚያው ሞተ።

አጎቴ፦ የኮረሙ? የኛን ሰው ለቅሶ ያነሣው? (ዝም አሉ። ስኒያቸውን አዞሩ።) እሱን አላውቅም ነበር።

እትዬ ሁለተኛውን ቀዱ። አጎቴ ሐዘኑን ለማባረር ይመስለኛል ወደ ታሪክ ገቡ። የዚህ አገር ሰው ወደ ታሪክ ከገባ መቅደላ ሳይደርስ አይመለስም።

አጎቴ፦ አጥር አጥር ትላለህ፤ ከመቅደላ የበለጠ አጥር የት አለ? አላህ ራሱ ያጠረው ነው። ዙሪያውን ገደል።

እኔ፦ መግቢያውም ሁለት በር ብቻ ነበር። እንግሊዞቹ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ኮከት በር ሲደርሱ በሩ ከውስጥ በድንጋይ ተደፍኗል፤ ከግንቡ በላይ ደግሞ እሾህ ተደርቦበታል። የሚያስቀው፣ መሐንዲሶቹ በሩን የሚያፈርሱበትን ባሩድና መሰላል ረስተው ነው የመጡት።

አጎቴ፦ ከሕንድ ድረስ ዝሆን ጭነው መጥተው ባሩድ ረሱ?

እኔ፦ ረሱ። ከዚያ በርጊን የሚባለው ወታደር ማግነር የሚባለውን ከሥር ገፍቶ ግንቡ ላይ አወጣው፤ እሾሁን ጣሱት፣ ሌላው ተከተለ። ሁለቱም በዚህ ቪክቶሪያ ክሮስ ተሸለሙ።

አጎቴ፦ ታዲያ አጥሩ ምን ጎደለው? ገደል አለ፣ ግንብ አለ፣ እሾህ አለ።

እኔ፦ ሰው። ያን ቀን ከቴዎድሮስ ጋር የቀረው ጥቂት ታማኝ ነው፤ ብዙው ሠራዊት ትቷቸው ሄዷል። ባዶ አጥር አንድ ሰው ትከሻ ላይ የወጣ ሰው ይበቃዋል።

አጎቴ፦ ምኒልክም እኮ ከዚያው አምባ ነው ያመለጠው። በ1857 ሰኔ። አሥር ዓመት ታስሮ፣ በሌሊት ወርዶ ወደ ወርቂት ገባ። ወርቂት የወረሂመኖ እመቤት ናት፤ የእሷም ልጅ አምባው ላይ የቴዎድሮስ እስረኛ ነበር። ምኒልክን ይዛ በልጇ መለወጥ ትችል ነበር። አልሰጠችውም፤ አሳለፈችው። ልጇን ቴዎድሮስ በብቀላ ገደሉት።

እኔ፦ አጥር ወደ ውስጥ ብቻ አይደለም የሚጣሰው ማለት ነው።

አጎቴ፦ አይደለማ። ገደሉ ለሁሉም አንድ ነው፤ የሚለየው ከሥሩ ያለው ሰው ነው። በሽሎን ተሻግሮ የመጣን ጦር የሚያሳልፈውም የሚያስቀረውም እሱ ነው። እሱ ካንተ ጋር ካልሆነ ዘብህ ዕውር ነው።

እኔ፦ ጦር ከመጣማ አጥር የሚሰጠው ደቂቃ ነው፤ ከዚያ አያልፍም። ሚያዝያ 16 ቀን 1999 ኦጋዴን፣ አቦሌ ላይ የነዳጅ ፍለጋ ሰፈሩ ሲጠቃ 65 ኢትዮጵያውያንና 9 ቻይናውያን አለቁ። ጥበቃ ነበረው። እኔን የማያስተኛኝ ግን ሌላ ነው፤ በበሩ በኩል በሰላምታ የሚገባው ሰው። ፈረንሳይ አገር፣ ሊዮን አጠገብ፣ በ2007 ሰኔ ወር አንድ ዕቃ አድራሽ ሾፌር ወደ ጋዝ ፋብሪካ መጣ። ሁልጊዜ ይመጣል፤ ዘበኛው ያውቀዋል፤ በሩ ተከፈተለት። መኪናውን አክርሮ እየነዳ የጋዝ ሲሊንደር ከተከማቸበት ቤት ጋር አላተመው። እዚያ ከመድረሱ በፊት አለቃውን ገድሎ ነበር። አጥሩ ላይ ሴንሰር ቢደረደርም ምንም አይልም፤ አጥሩን የነካው ሰው የለማ።





እትዬ፦ (ጀበናውን ከከሰሉ እያነሡ) የወይራውን ሥር ቀዳዳስ አትነግረውም?

አጎቴ፦ የምን ቀዳዳ?

እትዬ፦ አቦ ተወው! ከወይራው ሥር ያለውን ነዋ። ሣር የምናጭድበትን።

ስኒዬን አስቀመጥኩ። አጎቴ ወደ ጣሪያው አዩ።

እኔ፦ እትዬ፣ በድማሚት መጋዘን አጥር ውስጥ ገብተው ሣር ያጭዱ ነበር?

እትዬ፦ እኔ ብቻ ነኝ እንዴ? የመንደሩ ሴት ሁሉ ነው። ከብት የማይደርስበት ሣር፣ እንደ ገብስ የቆመ፣ ዝም ብሎ ይድረቅ? ሽቦውን ከሥር ቀና አድርገን እንሾልካለን፣ አጭደን እንወጣለን። እሱ አርብ አርብ ሶላት ሲሄድ፣ ያኛው ተረኛ ደግሞ ከሰዓት ሲያንቀላፋ። የእነሱን ሰዓት ከእነሱ በላይ እናውቀው ነበር።

አጎቴ፦ አውቅ ነበር።

እትዬ፦ ታውቅ ነበር?

አጎቴ፦ አለቆቹ «ሣሩ ከመጋዘኑ ዙሪያ ይጽዳ፣ እሳት ያያይዛል» እያሉ ይጽፋሉ፤ ማጽጃ ገንዘብ ግን አይልኩም። እናንተ በነጻ አጸዳችሁት። ምን ብዬ ላባርር?

እኔ፦ ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ይህ ትክክል አይደለም። እትዬ የሚገቡበትን ቀዳዳ ልጃቸው ያውቀዋል፤ የልጃቸው ጓደኛም ያውቀዋል። ፈረንሳዩ ሾፌርም የሚታወቅ ሰው ነበር። ድማሚት ነው እኮ፤ ጤፍ አይደለም።

አጎቴ፦ እሱስ እውነትህን ነው። በዚህ ብዙ ሌሊት አላንቀላፋሁም።

እትዬ፦ አንተ ልጅ፣ ሁለቱን ሰዎችስ ማን ነገራቸው?

እኔ፦ የምን ሰዎች?

እትዬ፦ አንድ በጋ ሁለት ሰዎች ከምንጩ በላይ ተቀመጡ። ከብት የላቸው፣ ዕቃ የላቸው፣ ዘመድ አልጠየቁ። በማግሥቱም እዚያው። ውሃ የምትቀዳውን ልጅ «ዘበኞቹ በስንት ሰዓት ይለዋወጣሉ?» ብለው ጠየቋት። ልጅቷ ለእኔ ነገረችኝ፤ እኔ ማጭዴን ጥዬ ወደሱ ሮጥኩ። ሚሊሻ ሄዶ ሲጠይቃቸው ጥጋ ጥጉን ይዘው ወረዱ። ማን እንደሆኑ እስከ ዛሬ አይታወቅም።

እኔ፦ ለምን ነገሩት?

እትዬ፦ ሣሩን ስለምፈልገው ነዋ። ስርቆት ከተደረገ አጥሩ ይዘጋል። ደግሞ የሚታሰረው ማን ነው? መሐንዲሱ ነው? ባሌ ነው እኮ!

ብዙ መሣሪያ ገጥሜያለሁ፤ ሌባው ወደ አጥሩ ሳይቀርብ ቀድሞ የተናገረ ግን አላጋጠመኝም። እትዬ የያዙት ጥያቄ ነው፤ «በስንት ሰዓት ይለዋወጣሉ?» የሚለውን። ሙቀት የሚያይ ካሜራ ሁለት የተቀመጡ ሰዎችን ያሳየኛል፤ ከብት እንደሌላቸው፣ ዘመድ እንዳልጠየቁ ግን አይነግረኝም። ቢሆንም ቀዳዳውን አልወደድኩትም፤ አሁንም አልወደውም።

እኔ፦ እንዲህ ብናደርገው ኖሮስ? አጥሩ ሁለት ይሁን። የውጪው በር ይኑረው፤ በታወቀ ቀን፣ በታወቀ ሰዓት፣ ተመዝግባችሁ ገብታችሁ ሣሩን ታጭዳላችሁ። የውስጠኛው ድፍን ይሁን፤ ማንም አይለፈው፤ ፋይበሩን የማስረው እሱ ላይ ነው። የውጪው አጥር ጅቡንና ውሻውን ስለሚያስቀር መሣሪያውም በከንቱ አይጮኽም።

አጎቴ፦ ለሁለት አጥር ማን ይከፍላል?

እኔ፦ ሁለተኛውን አጥር የአንድ ካሜራ ሥርዓት ወጪ ያጥረዋል።

አጎቴ፦ ለዘበኛውስ? እኔ ያን ሁሉ ዓመት የጠበቅሁት በምን ደመወዝ እንደሆነ ታውቃለህ? ያንተ ካሜራ ሲበላሽ ከአዲስ አበባ መኪና ይመጣለታል። የኔ ባትሪ ሲያልቅ ከኪሴ ነው የገዛሁት።

ለዚህ መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም። የምጽፋቸው የዋጋ ማቅረቢያዎች ላይ ግን ከዚያ ወዲህ አንድ መስመር ጨምሬያለሁ፤ ለጥበቃው የእጅ ባትሪ፣ የዝናብ ልብስና ቦት ጫማ የሚል። ገዢዎች ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚሰርዙት እሱን ነው።

በማግሥቱ ጉሙ ሲገፈፍ ብቻዬን ወደ ካባው ሄድኩ። ሥራው ካበቃ ቆይቷል። የአጥሩ ሽቦ የለም፤ ሰው ለጓሮው ወስዶታል። ሁለቱ ቤቶች በር የላቸውም፤ ዲቶኔተር በነበረበት ክፍል ውስጥ አንዲት ላም ቆማ ታመሰኳለች። ወይራው አለ። ሜዳው ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ እግር የመታው ቀጭን መንገድ ግን ዛሬም በወይራው ሥር ነው የሚያልፈው።